ስለ ትከሻ ጅማት ጉዳትና ስለ ሕክምናው

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ልባችንን በምቱ እናውቀዋለን፤ ሆዳችንን በረኃቡ እናስታውሰዋለን። ትከሻችንን ግን አንድ ቀን ኮት ለመልበስ እጃችንን ወደ ኋላ ስንዘረጋ ሕመም ሰቅዞ እስኪይዘን ድረስ እንዳለንም አናስበውም። ይሁን እንጂ ጋቢ የምናጣፋው፣ ጠጉር የምናበጥረው፣ ከመደርደሪያ መዝገብ የምናወርደው፣ በአውቶቡስ ውስጥ ቆመን የላይኛውን ብረት የምንይዘው በእርሱ ኃይል ነው። በዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ መጋጠሚያ፣ ይልቁንም ዙሪያውን ስለ ከበቡት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው፣ ስለሚደርስባቸውም ጉዳትና ስለ ሕክምናው ጥቂት ቃል ለመናገር አስቤአለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና በገዛ ትከሻዬ ላይ የተማርሁትን ነው።

ነገሬን በሁለት ሰዎች ታሪክ ልጀምር።

የመጀመሪያው ሰው እኔው ራሴ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመን መለወጫ ቤቴን ላሳምር ብዬ የሳሎኑን ኮርኒስ ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ቀለም ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን ቀኝ ትከሻዬ ይቆረጥመኝ ጀመር፤ ሌሊትም በዚያ ጎን መተኛት አልቻልሁም። አንዱ ወዳጄ "ብርድ ነው" አለኝ፤ ሌላው "ምች ነው" አለኝ። እኔም የታመመ ነገር ሁሉ ማረፍ አለበት ብዬ ክንዴን በነጠላ ከአንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አምስት ሳምንት ያህል ሳላንቀሳቅሰው ከረምሁ። ነጠላውን በፈታሁ ጊዜ ሕመሙ በመጠኑ ቀንሶ ነበር፤ ክንዴ ግን እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ከትከሻዬ በላይ አልነሣም አለኝ። ያንን ድርቀት ለማላቀቅ ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ሰው የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩና ዕድሜአቸው ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የነበረ አንድ ባልደረባችን ናቸው። በሐምሌ ወር ዝናብ ያረጠበውን ደረጃ ሲወርዱ አዳለጣቸውና ቀኝ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ወደቁ። በማግሥቱ እንደ ልማዳቸው ሥራ ገቡ። ነገር ግን ዶሴ ለማውረድ ክንዳቸውን ሊያነሡ ቢሞክሩ፣ ክንዱ ከጎናቸው ስንዝር ያህል እንደ ራቀ ተመልሶ ወደቀ።

"ጋሼ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እንጂ" አልኋቸው።

"አይ ልጄ፣ ምቱ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይለቀኛል" አሉኝ።

እኔም የራሴ ትከሻ በጊዜው መዳኑን አስቤ "እውነት ነው፤ የእኔም በጊዜው ለቆኛል" ብዬ ዝም አልሁ። ክረምቱ ወጣ፤ በጋውም አለፈ። ከስምንት ወር በኋላ ሐኪም ዘንድ በቀረቡ ጊዜ የተነገራቸው ቃል አጭር ነበር። ጅማቱ ከአጥንቱ ላይ ተገንጥሎ ሸሽቷል፤ ጡንቻውም ከስቶ ስብ ወርሶታል፤ በቶሎ መጥተው ቢሆን ኖሮ ሊሰፋ ይችል ነበር፤ አሁን ግን ጊዜው አልፏል የሚል ነበር።

እነሆ፣ አንዱ ማንቀሳቀስ የሚገባውን ክንድ አሰረ፤ ሌላው መቸኮል የሚገባውን ነገር ታገሠ። ሁለታችንም ሕመማችንን "ትከሻዬን አመመኝ" በሚል በአንድ ስም ጠራነው፤ ስሙ አንድ ሲሆን መድኃኒቱም አንድ መሰለን። ዛሬ ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ብትሆኑ ይህን አስታውሱልኝ፤ ቀስ በቀስ የመጣ የትከሻ ሕመም ትዕግሥትንና ልከኛ እንቅስቃሴን ይሻል፤ ከአደጋ በኋላ በድንገት የመጣ የክንድ መዛል ግን ፍጥነትን ይሻል።

ይህን ልዩነት ለመረዳት አስቀድሞ የትከሻን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የዳሌን መጋጠሚያ የተመለከትን እንደ ሆነ የጭን አጥንት ራስ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ ገብቶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን እንደ ልብ አይዞርም። ትከሻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ክብና ትልቅ ሲሆን የሚያርፍበት የትከሻ አጥንት ገበታ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። ነገሩ ጀበና በማቶት ላይ እንደ መቀመጡ ያለ ነው። ክንዳችንን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንደ ፈቀድን ለማዞር የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጀበና ከማቶቱ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ጠባቂዎች የግድ ያስፈልጋሉ።

ጠባቂዎቹም አራት ጡንቻዎች ናቸው። አራቱም በጀርባችን በላይ በኩል ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ይነሡና ጅማቶቻቸውን በክንድ አጥንት ራስ ላይ ይተክላሉ። የመጀመሪያው ሱፕራስፓይናተስ ይባላል፤ ከላይ በኩል አልፎ ክንድን ወደ ጎን ለማንሣት ይረዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኢንፍራስፓይናተስና ቴሬስ ማይነር ናቸው፤ ከኋላ በኩል ሆነው ክንድን ወደ ውጭ ያዞራሉ። አራተኛው ሰብስካፑላሪስ የሚባለው ከአራቱ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከፊት በኩል ሆኖ ክንድን ወደ ውስጥ ያዞራል። የአራቱ ጅማቶች የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ የእጅን አንጓ እንደሚከብ የአጥንቱን ራስ ስለሚከብቡት፣ ሐኪሞች በአንድነት ሮቴተር ካፍ ብለው ይጠሯቸዋል፤ የሚያዞር እጅጌ እንደ ማለት ነው።

የእነዚህ አራት ጡንቻዎች ዋና ሥራ ኅብረት ነው። ከላይ ያለው ትልቁ የትከሻ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ የሚባለው፣ ክንድን ወደ ላይ ሲስብ እነርሱ ደግሞ የአጥንቱን ራስ ወደ ገበታው መካከል ይስባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እያንዳንዳቸው ከትልቁ ጡንቻ ጋር ሲነጻጸሩ ትናንሾች ቢሆኑም፣ ሲተባበሩ ትልቁን ኃይል በሥርዓት ያስሄዱታል። አንዱ ሲደክም ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ክንድም ሲነሣ ሕመም ይነሣል።

ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የማለቅ መንገድ ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የጅማቱ ክር እንደ አሮጌ ገመድ ይሳሳል። እጅን ከትከሻ በላይ ሰቅሎ ደጋግሞ መሥራት፣ ለምሳሌ ኮርኒስ መቀባት፣ ግድግዳ መለሰን፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ከባድ ዕቃ ዘወትር ማውረድ፣ ሸክሙን ያበዛበታል። ሲጋራ ማጨስና የስኳር በሽታም የጅማትን ጤና እንደሚጎዱ ታውቋል። ሁለተኛው መንገድ አደጋ ነው። በተዘረጋ እጅ ላይ መውደቅ፣ ከባድ ዕቃ በድንገት ማንሣት፣ ወይም የትከሻ መውለቅ ደህና የነበረውን ጅማት በአንድ ጊዜ ሊቀድደው ይችላል። በተለይ ዕድሜው ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ትከሻው ወልቆ የተመለሰለት እንደ ሆነ፣ ጅማቱም አብሮ ተቀድዶ እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት፣ ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው 96 ሰዎች ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ተመርምረው ነበር። ከእነዚህ ጤነኞች መካከል ከመቶ 34ቱ የጅማት መቀደድ ተገኘባቸው፤ ዕድሜአቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ከሆነውማ ከግማሽ የሚበልጡት ነበሩ። ከዚህ የምንማረው በፎቶግራፉ ላይ የታየ ቀዳዳ ሁሉ የሕመም ምክንያት እንዳልሆነ፣ እንደ ጠጉር መሸበትም ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ቀዳዳ እንዳለ ነው። ስለዚህ "ጅማትህ ተቀድዷል" የተባለ ሰው ሁሉ ወዲያው መደንገጥና ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ አይገባውም። ሐኪም የሚያክመው ሰውየውን እንጂ ፎቶግራፉን አይደለም።

ምልክቶቹስ ምንድን ናቸው? ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በመጋጠሚያው ላይ ሳይሆን ከትከሻ ዝቅ ብሎ በላይኛው ክንድ ጎን ላይ ነው። ሌሊት በዚያ ጎን ሲተኙ ይብሳል። ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ በመካከለኛው ከፍታ ላይ ያምማል፤ ያንን ካለፈ በኋላ ሊቀል ይችላል። ኮት መልበስ፣ ጋቢ ማጣፋት፣ ከኋላ ኪስ ቦርሳ ማውጣት ያስቸግራል።

ከዚህ ጋር ሌላውን ሕመም ከዚህኛው መለየት ያስፈልጋል። የታመመው ሰው በራሱ ኃይል ክንዱን ማንሣት ሳይችል ሌላ ሰው ደግፎ ሲያነሣለት ያለ ችግር የሚነሣ ከሆነ፣ ጅማቱ ተቀድዶ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል። ሌላ ሰው ሲያነሣለትም ጭምር እምቢ የሚል ከሆነ፣ መጋጠሚያው ደርቆ ይሆናል፤ ይህም በተለይ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ሕመሙ ከክርን አልፎ ወደ ጣቶች የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ ምንጩ የአንገት ነርቭ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ እብጠትና መቅላት ከታከለበት የመጋጠሚያ መመረዝ ያሰጋል። ከሁሉ ይልቅ ግን የግራ ትከሻ ወይም ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ እንደ ሆነ፣ ነገሩ የልብ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። አስቀድሜ ቀስ በቀስ ስለሚመጣው ሕመም እናገራለሁ።

ለዚህ ዐይነቱ ሕመም ዕረፍት ማለት ክንድን ማሰር ማለት አይደለም። ለጥቂት ቀናት ሕመሙን ከሚያባብሰው ሥራ መቆጠብ፣ ማለትም ከትከሻ በላይ አለማንሣትና ከባድ ዕቃ አለመሸከም ይበቃል። ቀላሉን የዕለት ሥራ ግን ክንድ ይሥራው። ሌሊት በጤናው ጎን ተኝቶ የታመመውን ክንድ ከፊት በትራስ ላይ ማሳረፍ ብዙ ያቀልላል። የሕመም ማስታገሻ እንክብል ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበትን ሰው ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቁ መውሰድ አይገባም።

ዋናው መድኃኒት ግን እንቅስቃሴ ነው። ይህም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው በደረጃ የሚደረግ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ በጤናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ በማለት የታመመውን ክንድ ወደ ታች ማንጠልጠል፣ እንደ ሰዓት መወዛወዣም ቀስ እያሉ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ማወዛወዝ ነው። ከዚያም በወንበር ተቀምጦ እጅን በጠረጴዛ ላይ በጨርቅ እያንሸራተቱ ወደ ፊት መዘርጋት፣ ግድግዳ ፊት ቆሞም በጣቶች ሸረሪት እንደምትወጣ ወደ ላይ መውጣት ይከተላል።

በሁለተኛው ደረጃ ክርንን ከጎን ጋር አጣብቆና ወደ ፊት አጥፎ፣ የእጅን ጀርባ በበር መቃን ላይ በማድረግ ወደ ውጭ መግፋት ነው። መቃኑ አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻው ግን ይሠራል። አምስት ሰኮንድ ያህል ገፍቶ መልቀቅ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ መደጋገም ነው።

በሦስተኛው ደረጃ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያ በረዥሙ ቀድዶ አንዱን ጫፍ በበር እጀታ ላይ በማሰር፣ ክርን ከጎን ሳይለይ ላስቲኩን ወደ ውጭ፣ በኋላም ዞሮ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ለዚህ ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ከዚህም ጋር ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ሰብስቦ ጥቂት መያዝና መልቀቅ ይጠቅማል።

መለኪያው ሕመሙ ራሱ ነው። በምትሠሩበት ጊዜ ትንሽ ማመሙ አያሰጋም፤ በማግሥቱ ግን ከቀድሞው ብሶ ከነቃችሁ መጠኑን ቀንሱ። ከሁሉም በላይ አትቸኩሉ። ጅማት እንደ ሥጋ ፈጥኖ አይታደስም፤ ለውጡን ለመመዘን እስከ ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት "አልረዳኝም" ብሎ ይተወዋል፤ ይኸውም ዘር ዘርቶ በሳምንቱ አዝመራ እንደ መጠበቅ ነው።

ይህ ምክር የእኔ አሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሊቃውንት ያደረጉትን ጥናት ልጥቀስ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ያለ አደጋ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ የተቀደደ 452 ሰዎች በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ተረድተው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የመረጡት ከአራት አንድ እጅ አልሞሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 313 የትከሻ ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከጅማቱ በላይ ያለው አጥንት ተፍቆለት፣ ሁለተኛው ወገን በመሣሪያ ከመታየት በቀር ምንም ሳይፋቅለት፣ ሦስተኛው ያለ ሕክምና እንዲቆይ ተደረገ። ፍቆሹ የተደረገላቸው፣ ታይተው ብቻ ከተመለሱት የበለጠ ጥቅም አላገኙም። በ2021 እ.ኤ.አ. በዚያው በብሪታንያ 708 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየውም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከባለሙያ ጋር ተገናኝተው መልካም ምክርና በቤት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ የተማሩ ሰዎች፣ እስከ ስድስት ጊዜ ከተመላለሱት ያላነሰ ተሽሏቸዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው። በየሳምንቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ለመመላለስ ጊዜውም ገንዘቡም የሌለው ሰው፣ አንድ ቀን በሚገባ ተምሮ በቤቱ በትጋት ቢሠራ ሊድን ይችላልና።

ስለ መርፌም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ኮርቲዞን የሚባለው መርፌ በትከሻ ውስጥ ሲወጋ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ሊያስታግሥ፣ በዚህም እንቅስቃሴውን ለመጀመር ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን ጥቅሙ የአጭር ጊዜ ነው፤ ደጋግሞ መወጋት ጅማቱን ሊያደክመው ይችላል፤ የስኳር በሽታ ያለበትንም ሰው ስኳር ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መርፌ በር ከፋች እንጂ ቤት ሠሪ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው፣ በድንገት ወደሚመጣው ጉዳት እንለፍ። የመዝገብ ቤቱ ባልደረባችን የተጎዱት በዚህኛው ነው።

አንድ ሰው ወድቆ ወይም ከባድ ነገር አንሥቶ፣ አንዳንድ ጊዜም "ጠሽ" የሚል ድምፅ ሰምቶ፣ ከዚያ ወዲህ ክንዱን ለማንሣት ወይም ወደ ውጭ ለማዞር ኃይል ያጣ እንደ ሆነ፣ ደህና የነበረው ጅማት ተገንጥሎ ይሆናል። የተወጠረ ላስቲክ ሲበጠስ ጫፉ እንደሚሸሽ፣ የተገነጠለም ጅማት በጡንቻው እየተሳበ ከቦታው ይርቃል። ሥራ የፈታው ጡንቻም ይከሳል፤ ሥጋው የነበረበትንም ቦታ ስብ ይወርሰዋል። ስብ የወረሰው ጡንቻ ደግሞ ጅማቱ ቢሰፋለትም እንኳ ወደ ቀድሞ ኃይሉ አይመለስም። የመቸኮሉ ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቀናት ውስጥ ለሐኪም መታየት አለበት፤ መስፋት የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን ይመረጣል።

በምርመራውም ጊዜ አንድ ነገር አትዘንጉ። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። ብዙ ሰው ራጅ ተነሥቶ "አጥንትህ ደህና ነው" ሲባል ነገሩ ሁሉ ደህና መስሎት ይመለሳል። ክንዱ ግን አሁንም የማይነሣ ከሆነ፣ ጅማትን የሚያሳዩት አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ናቸውና "ጅማቴስ?" ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይገባዋል።

የተቀደደን የትከሻ ጅማት መስፋት ዛሬ የተጀመረ ጥበብ አይደለም። ኧርነስት ኮድማን የተባለ የቦስተን ከተማ ቀዳጅ ሐኪም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ሲሆን፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ትከሻ ብቻ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ቀደም ብዬ የነገርኋችሁ ክንድን አንጠልጥሎ የማወዛወዝ እንቅስቃሴም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ዛሬ ብዙው ሥራ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ የመመልከቻ መሣሪያ ይከናወናል። ከተሰፋ በኋላ ክንዱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ ከዚያ በደረጃ ወደ እንቅስቃሴ ይመለሳል፤ ከባድ ሥራ ለመሥራት ግን ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በተለይ ቀዳዳው ሰፊ፣ ዕድሜውም የገፋ ሲሆን የተሰፋው ተመልሶ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። የሚያጨስ ሰውም ጅማቱ በሚገባ እንዲያያዝለት ሲጋራውን መተው አለበት። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በፊት ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ ጥቅሙንና ጉዳቱን መመዘን ተገቢ ነው።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ወጌሻዎች ሐኪም ባልነበረበት ዘመንና ቦታ ለወገን የዋሉትን ውለታ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከአጥንቱ የተገነጠለ ጅማት በማሸት አይገጥምም። አዲስ ጉዳት የደረሰበትን ትከሻ በኃይል መጎተትና ማሸት፣ የተሰነጠቀ አጥንት ካለ ያባብሰዋል፤ የተቀደደውንም ያሰፋዋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ውድ የሆኑትን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያባክናል። ስለዚህ ከመታሸት በፊት መመርመር ይቅደም።

እኛ በቢሮ የምንውል ሰዎች ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለውን ምክር በቀላሉ ልንፈጽመው እንችላለን። ዘወትር የሚፈለገውን መዝገብ በደረት ከፍታ ባለው መደርደሪያ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገውን ከላይ አድርጉት። ከፍ ያለውን ለማውረድ መሰላል ተጠቀሙ፤ ዕቃውንም ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ በሁለት እጅ ያዙ። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ክርኑ ከጎኑ ሳይርቅ እጁ የሚደርስበትን ቦታ ያመቻች፤ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥቶ ትከሻውን ያፍታታ። ቤት ለመቀባት የተነሣም ሰው እንደ እኔ በሁለት ቀን ልጨርስ አይበል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሥራ።

ክቡራን አድማጮች፤ ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። የመዝገብ ቤቱ ባልደረባችን ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው። ሐኪሞቹ ጅማቱን መስፋት ባይችሉም የቀሩት ጡንቻዎች እንዲበረቱ እንቅስቃሴ አስተምረዋቸው፣ ከአንድ ዓመት ትጋት በኋላ ክንዳቸው እስከ ደረታቸው ድረስ መነሣት ችሏል። ይጽፋሉ፤ ይበላሉ፤ ሰው ሲገባም እጅ ይነሣሉ። ጋቢአቸውን ግን እስከ ዛሬ የምታጣፋላቸው ልጃቸው ናት። ባለፈው ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ስለዚህ ንግግር ባነሣሁባቸው ጊዜ "ንገርልኝ እንጂ ልጄ፤ እኔ ስምንት ወር ጠበቅሁ፤ ሌላው ሰው ስምንት ቀን እንዳይጠብቅ ንገርልኝ" አሉኝ። ያን ቀን በመሥሪያ ቤቱ ሳለን "የእኔም በጊዜው ለቆኛል" ማለቴ ዛሬም ከሕሊናዬ አልጠፋም። ሰው ስለ ሕመሙ ሲያማክረን የራሳችንን ሕመም መለኪያ አድርገን መልስ አንስጠው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችሁ ደረጃ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ወይም በሻይ ሰዓት፣ ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ የሚያነሣ ባልደረባ ብታዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ "ቀስ ብሎ ነው የመጣው ወይስ በድንገት?" ቀስ ብሎ ከሆነ ትዕግሥትንና እንቅስቃሴን ምከሩት፤ በድንገት ከሆነ ግን ምክራችሁን ትታችሁ እስከ ሐኪሙ ደጅ ድረስ ሸኙት።

በዚሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።